የልብ ምት ሌላ፣ የእጅ ትርታ ሌላ፤ ፔስሜከር ይዛችሁ ጎንደር ለምትመለሱ

እህቴ፣ ትናንት ማታ የጻፍሽውን አንብቤ ሳልመልስልሽ መተኛት አልሆነልኝም። እናትሽን ልጅሽን እንዲያዩ ወዳለንበት ስደት አመጣሻቸው፣ እዚሁ ታመሙ፣ ፔስሜከር (ልብ ሲዘገይ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ ትንሽ ባለባትሪ መሣሪያ) ደረታቸው ውስጥ ገባላቸው። አሁን ደግሞ «አገሬን፣ ጎንደሬን» እያሉ ነው። ጠዋት ግፊታቸውን ስትለኪ መለኪያው ላይ የልብ ምስል ብልጭ ድርግም ይላል። «ልላካቸው ወይስ ላስቀራቸው?» ነው ጥያቄሽ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ባትሪው ደረቴ ውስጥ ከገባ አራተኛ ዓመቴ ነው። አምና ደግሞ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ጎንደር እናቴ ቤት ከርሜ መጣሁ። የገጠመኝን ልንገርሽ፤ ለሌሎቻችሁም ይጠቅም ይሆናል።

የእኔ ሕመም ኮምፕሊት ሃርት ብሎክ ይባላል። ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሳው ኤሌክትሪክ ወደ ታችኛው ክፍል አይደርስም። ሥራ ቦታ ወደቅሁ። ሲለኩኝ ልቤ በደቂቃ 32 ጊዜ ብቻ ነበር የሚመታው። በማግስቱ ፔስሜከሩ ገባ። ምቴ በደቂቃ ከ60 እንዳይወርድ ተደርጎ ነው የተስተካከለው። እናትሽም እንዲህ ያለ የራሳቸው ቁጥር አላቸው። ያንን ቁጥር ሳታውቂ አንድም ልኬት አትተርጉሚ። ለአንዱ 60 ነው፣ ለሌላው 50 ነው፤ ሌሊት ዝቅ እንዲል የተደረገለትም አለ።

ጎንደር በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እናቴ ቡና ትቆላለች። ለእሷ የወሰድኩላትን ግፊት መለኪያ እስቲ እኔም ብዬ ክንዴ ላይ ጠቀለልኩት። ጨመቀኝ፣ ቀስ እያለ ተነፈሰ። 128 በ76። ደህና ነው። ከሥር ያለው የትርታ ቁጥር ግን 41 ይላል። ከጎኑ ያቺ የልብ ምስል ብልጭ፣ ብልጭ። ደግሜ ለካሁ፤ 43። ከ60 መውረድ የሌለብኝ ሰው ነኝ እኮ። ላብ አሰመጠኝ።

«ባትሪው አልቋል» አልኩ። እህቴ ነጠላዋን አንስታ ባጃጅ ልትጠራ ወጣች። እናቴ ብረት ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና ፊቴን አየችው። «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። እሱ ይሆን እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

እስከዛሬ ሲታወሰኝ ሆዴ ይባባል። ያን ሁሉ ሳምንት መብራት በጠፋ ቁጥር የእኔ ልብ አብሮ የሚጠፋ እየመሰላት ስትጨነቅ ከርማ ኖሯል። እኔ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላስረዳኋትም። ስለዚህ እህቴ፣ እዚያ ለሚቀበሏቸው ዘመዶች መጀመሪያ ይህንን ንገሪያቸው። ባትሪው ውስጡ የታሸገ ነው፣ ከቤት መብራት ጋር ምንም አያገናኘውም። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ዓመት ይሠራል። ድንገት ድርግም ብሎ አይጠፋም፤ ሊያልቅ ሲቃረብ ከወራት በፊት ምልክት ይሰጣል፤ በምርመራ ጊዜም ይታያል።

መቀየሩም አያስፈራ። የመጀመሪያው ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር በ1958 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ውስጥ አርነ ላርሶን ለሚባል ሰው ሲገባለት በሰዓታት ውስጥ ቆሞ ነበር። ሰውዬው ግን ከሃያ በላይ መሣሪያ እየቀያየረ በ86 ዓመቱ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው። ይህን ለእናቴ ነግሬያት «እሰይ» ብላ እጇን ዘርግታ ፈጣሪን አመሰገነች።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ባጃጁ እስኪመጣ እዚህ ያስተማረችኝ ነርስ ትዝ አለችኝ። ሁለት ጣቴን አንጓዬ ላይ፣ በአውራ ጣት ሥር፣ አሳረፍኩ። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለተዛባ ምት አይሆንም፤ ያሳስታል። ድው ይላል፣ ከዚያ ዝም። ድው፣ ዝም። በዝምታው መሐል ግን ደረቴ ውስጥ አንዲት ትንሽ መገላበጥ ትሰማኛለች። እጄ ላይ አትደርስም።

ምስጢሩ እሱ ነበር። ሆስፒታል ደርሰን ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር ወረቀት ላይ የሚያወጣ ምርመራ) ሲነሣ ወጣቷ ሐኪም ወረቀቱን አስጠግታ አሳየችኝ። ቀጭን ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ፤ ፔስሜከሩ የሚልካቸው ናቸው። ከእያንዳንዱ ኋላ ልቤ እየመታ ነው። ከዚያ ሳይጠበቅ፣ ቀድሞ የሚመጣ ሰፊ ምት አለ። ትርፍ ምት ነው። ልብ ደም ሳይሞላ ቶሎ ስለሚመታ የሚገፋው ደም ትንሽ ነው። ክንድ ጋ የሚደርስ ማዕበል አይኖረውም። ግፊት መለኪያውም፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም የሚቆጥሩት የደረሰውን ብቻ ነው። ልቤ በደቂቃ 82 ጊዜ እየመታ እጄ 41 ይል ነበር። ፔስሜከሩ ትርፉን ምት ልክ እንደ ምት ቆጥሮ፣ ከዚያ አንድ ሰከንድ ጠብቆ ነው የራሱን የሚልከው። ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር።

አማርኛችን እኮ ለይቶታል። የልብ ምት እንላለን፣ የእጅ ትርታ እንላለን። መሣሪያው የሚያሳየው ትርታን ነው፤ እኛ ግን ምት አድርገን እናነበዋለን።

ትርፍ ምቱ ከየት መጣ? ለአራት ቀን ሆዴ ሲያስቀምጠኝ ነበር። የሚያሸናውን የግፊት ኪኒን ደግሞ ሳላቋርጥ እወስድ ነበር። ደሜ ሲመረመር ፖታሲየሜ፣ ልብ በልኩ እንዲመታ የሚያስፈልገው የደም ጨው፣ ወርዶ ተገኘ። እሱ ሲስተካከል ቁጥሩም በቀናት ውስጥ 64 ገባ። ከዚህ ተነሥታችሁ ግን ፖታሲየም ከመድኃኒት ቤት ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ሲበዛም ልብ ያቆማል፣ በተለይ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው። እናትሽ የሚያሸና ኪኒን ካላቸውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚጾሙ ከሆነ፣ አስቀድመሽ ከሐኪማቸው ጋርም ከንስሐ አባታቸው ጋርም ተነጋገሪ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም፤ የሚያስቸግረው የእናቶቻችን እሺ አለማለት ነው።

አሁን ስለ ልብ ምስሏ። መለኪያው ያንን የሚያበራው በምቶች መሐል ያለው ርቀት እኩል ሳይሆን ሲቀር ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ከአማካዩ በ25 ከመቶ ሲለይ። ምክንያቱን አይነግርሽም። ትርፍ ምት ሊሆን ይችላል፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ የላይኛው ክፍል ያለ ሥርዓት የሚርገበገብበት ሕመም) ሊሆን ይችላል፣ በመለኪያው ሰዓት እናትሽ እያወሩ ክንዳቸውን አንቀሳቅሰው ሊሆን ይችላል። ፔስሜከር ደግሞ እነዚህን አይከለክልም። ምትን ከታች ይደግፋል እንጂ ከላይ አይከድንም። «ባትሪ ገብቶላቸው ለምን ልባቸው ይፈጥናል?» ለሚለው ጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው። ምልክቱ አልፎ አልፎ ከሆነ ጽፈሽ ያዢ። በየቀኑ ከሆነ፣ ከዚህ በፊትም ፊብሪሌሽን አለባቸው ካልተባለ፣ ሳይሄዱ በፊት ክሊኒኩ ፔስሜከሩን ያንብብላቸው። መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የተዛባውን ምት በሰዓቱ መዝግቦ ያስቀምጣል። ፊብሪሌሽን ሆኖ ከተገኘ ደም እንዳይረጋ የደም ማቅጠኛ ያስፈልጋቸው እንደሆነ የሚወሰነው በዚያ ነው። ይህ የማይዘለል ነገር ነው።

አለካኩም ወሳኝ ነው። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ ዝም ብሎ። ከቡና በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ጎንደር ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ረፋድ ይሆናል፤ ስለዚህ ከቡናው በፊት ለኩ። ምልክቷ ከበራች በደቂቃ ልዩነት ሦስቴ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል፤ በተዛባ ምት ላይ የግፊቱ ቁጥር ራሱ ይዋዥቃል።

ወንድምሽ የገዛላቸውን ስማርት ሰዓት በተመለከተ፣ የሚሰጠውን ፍርድ አትመኚው። ፔስሜከር የሚመታውን ልብ እንዲያነብ አልተሠራም፤ «አልታወቀም» ይላል፣ ወይም ሌላ ስም ይሰጠዋል። የመዘገበውን መስመር ግን ለሐኪም ማሳየት ይጠቅማል። የኦክስጅን መለኪያውም እንደዚያው። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ኦክስጅኑ እዚህ ከለመድሽው ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጪ። ጠዋት እጅ ሲቀዘቅዝና ጥፍር ሲቀባም ያሳስታል።

ባጃጅ ላይ ያየሁትን ደግሞ ስሚ። ብዙ ፔስሜከር ሰውነት ሲንቀሳቀስ ተሰምቶት ምቱን ከፍ የሚያደርግ ክፍል አለው፤ የእኔም አለው። ከፒያሳ ወደ ቤት በኮብልስቶኑ ስንገጫገጭ ልቤ 90 ይደርሳል። እየሮጥኩ መስሎታል። ስወርድ ይረጋጋል። ይህን ሳላውቅ በፊት ባጃጅ ላይ እጄን ይዤ ስንቴ ጸሎት እንዳደረስኩ!

ከጉዞ በፊት ካርዳቸውን፣ የመሣሪያውን ስምና የተስተካከለበትን ቁጥር የሚገልጽ ወረቀት፣ ደህና በሆኑበት ቀን የተነሣ ኢሲጂ ያዢ። ኢሲጂው ከሁሉ ይበልጣል፤ ጎንደር ያለው ሐኪም የአሁኑን ከድሮው ጋር የሚያስተያይበት ነው። ፔስሜከሩን የሚያነበው ማሽን በየአምራቹ የተለያየ ነው፣ የአንዱ የሌላውን አያነብም። የእሳቸውን የሚያነብ አዲስ አበባ የት እንዳለ ክሊኒኩ ከአምራቹ ጠይቆ ይጻፍላችሁ። አልጋ አጠገብ የምትቀመጠዋ መረጃ የምትልክ ሳጥን ካለቻቸው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ትሠራ እንደሆነ አጣሩ። ባትሠራም ፔስሜከሩ አይቆምም።

ኤርፖርት ላይ ካርዱን ማሳየት፣ በበሩ ሳይቆሙ ማለፍ፣ በእጅ የሚያዘውን መፈተሻ ደረት ላይ እንዳያቆዩት መናገር። ስልክ ከመሣሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ይህንን አደራ፤ እናቶቻችን ስልካቸውን ከብራቸው ጋር ጉያቸው ውስጥ ነው የሚሸጉጡት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ችግር የለውም። ብየዳ ቤትና የሚሠራ ጄኔሬተር አጠገብ ግን አይቁሙ።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ስደት ላይ ላለን። ከመውደቄ ከወር በፊት ሐኪም ጋ ሄጄ «ልቤን ፍርሃት ፍርሃት ይለዋል» ብዬ ነበር። አስተርጓሚው «ይፈራል» ብሎ አስተረጎመው። የጭንቀት ኪኒን ይዤ ተመለስኩ። በጣም ነው የማዝነው፣ ኢሲጂ ቢነሣልኝ ኖሮ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተርክም። ጠረጴዛው ላይ በጣቴ እመታላቸዋለሁ። ድው፣ ድው፣ ዝም፣ ድው። የትም አገር ያለ ሐኪም ይህን ይረዳል። ለእናትሽም አስተምሪያቸው።

ከታች ስለ ጥምቀት የጠየቅከው ወንድሜ፣ አዎ፣ ፋሲል መዋኛ ሄጃለሁ። ውኃ ባትሪውን አይጎዳውም። እኔ የፈራሁት ግፊያውን ነው፤ ክርን ደረት ላይ እንዳያርፍ ከዳር ቆምኩ። ከትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎችም ራቅ አልኩ፣ ማግኔት አላቸው። አንተ ግን ከገባልህ ገና ሦስት ሳምንትህ ከሆነ ዘንድሮን ተወው። ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚገባው ሽቦ እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በዚያ በኩል ያለው ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሣም ይላሉ። እስክስታውም ስግደቱም ሐኪምህን ጠይቀህ ይሁን።

እህቴ፣ እኔ ብሆን እልካቸዋለሁ፤ ግን መሣሪያቸው ከተነበበ በኋላ። ጎንደር ላለችው እህቴ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ የለጠፍኩላት አንድ ገጽ አለ። ላይኛው መስመር የእኔ ቁጥር ነው፣ 60። ቀጥሎ «በእጅ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ» ይላል። ከዚያ መለኪያ ሳይፈለግ ወዲያው ሆስፒታል የሚያስኬደው አለ፦ ራስን መሳት ወይም ሊስቱ መድረስ፣ ደረት መውጋት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ፊት መጣመም ወይም አንድ ጎን መስነፍ። ባትሪው ያለበት ቆዳ ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም ቢመግል፣ ስቅታም አልቆም ቢል፣ እሱም እንዲሁ። የእናትሽን ቁጥር ጻፊልኝና በእሳቸው ልክ አስተካክዬ ዛሬ ማታ እልክልሻለሁ።