የወጋየሁ ንጋቱ መታሰቢያ ምሽት፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡ

ጸሐፊዋ፦ ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ረቂቁን ጀምሬዋለሁ፤ እስከ እሁድ ጨምሩበት፣ ቀንሱለት። ቦታው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ቢፈቀድልን ብለናል። ዝግጅቱ የእንግዶች ንግግር፣ የሕይወት ታሪክ፣ ግጥም፣ ከዚያ 15 ደቂቃ የድምፅ ቅጂ ነው።

አባል፣ ከፔዳ በኩል፦ 15 ደቂቃዋ ላይ አልስማማም። ወጋየሁ በመድረክም ትልቅ ተዋናይ ነበር፣ ግን ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አብዛኞቻችን መድረክ ላይ አላየነውም። የምናውቀው በሬዲዮ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ ነው። ብቻውን ነው የተረከው፣ ግን ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ሌላ ሰው ነው፣ ሰብለ ወንጌል ስትናገር ሌላ፣ በዛብህ ሲያፍር ደግሞ ሌላ። ጉዱ ካሳ ጋ ሲደርስማ አገር ሁሉ እብድ ያለው ሰው ከሁሉም በላይ ጤነኛ ሆኖ ይሰማሃል። ይህን ተናጋሪ ቆሞ ቢያስረዳን ምን ይገባናል? ማሰማት ነው እንጂ! ንግግሩ 15 ደቂቃ ይሁን፣ ድምፁ አንድ ሰዓት።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም ከዚህ ጋር ነኝ። ግን በየስልካችን ያለው ቅጂ ስንቀባበለው ተበላሽቷል፣ በአዳራሽ ስፒከር ሲከፈት ይሻክራል። ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ደብዳቤ እንጻፍና ጥሩውን ከነፈቃዱ እንጠይቅ። ለቤተሰቡም አስቀድመን እናሳውቅ፣ ይሄ ግዴታችን ነው። ጄኔሬተርም በጀት ውስጥ ይግባ፤ ጉዱ ካሳ እየተናገረ መብራት ቢሄድ ሰዉ ይቅር አይለንም።

አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ። እኛ ጎረቤት ተሰብስበን ነበር የምንሰማው። የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውልና ለትረካው ሰዓት ይከፈታል፤ ያኔ የሚያስል ሰው እንኳ ውጭ ወጥቶ ነበር የሚያስለው። ማንኩሳና ዲማ ሲጠሩ ደግሞ የገዛ አገራችን ነውና ደረታችን ይነፋ ነበር። እና አደራ፣ በር ላይ የሚታወቅ ሰው እየተመረጠ ከፊት አይቀመጥ። የፊት ወንበር ለአረጋውያንና ለዓይነ ስውራን ይሁን።

አባል፣ ከፔዳ በኩል፦ ጋሼ እንዳሉት ይሁን። ክፍሎቹን እንምረጥ እንግዲህ። እኔ በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ፊታውራሪ ቤት የሚገባበትን እላለሁ፣ ከዚያ ጉዱ ካሳ።

ሌላ አባል፦ መጨረሻውስ? ሰው እኮ የሚጠብቀው እሱን ነው፣ በተለይ እናቶቻችን።

አንጋፋ አባል፦ ተይው ልጄ። በመታሰቢያው ቀን ሰውን አልቅሶ እንዲሄድ አናድርገው። በችሎታው ይደሰትበት።

ሌላ አባል፦ እሺ ጋሼ፣ ግን ድምፅ ይሰጥበት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ለተማሪዎች የንባብ ውድድር ይኑር፤ አንድ ልጅ ብቻውን ሦስት ገጸ ባሕርይ በድምፅ ለይቶ ያንብብ። ሽልማቱ መጽሐፍ ቢሆን በቂ ነው።

ጸሐፊዋ፦ ውድድሩ ገብቷል፣ የድምፁ ሰዓትም ተስተካክሏል፣ ወንበሩም ጋሼ ባሉት መሠረት። የመጨረሻው ክፍል ይሰማ አይሰማ የሚለውን እሁድ በእጅ ብልጫ እንወስናለን። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ጽፌ እልካለሁ፤ በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ በእጁ ያድርስልን፣ እባካችሁ ቶሎ አሳውቁኝ።