«እንቅልፏን ይጠብቅላት ነበር» - ስለ ትዋይላይት በየካ አባዶ የተነሳ ክርክር

የብሎክ 31 እናት፦
ቅዳሜ በኮሙናሉ በተደረገው የቤተ መጻሕፍት ስብሰባ አንድ የኮሚቴ አባል «ትዋይላይት ከመደርደሪያው ይውጣ፤ ሴት ልጆችን ያበላሻል፤ እሱን እያነበባችሁ ያደጋችሁት እናንተው ማስረጃ ናችሁ» ማለታቸውን ሰምቼ አዝኛለሁ። ትዋይላይት የስቴፈኒ ሜየር ልብ ወለድ ነው፤ ቤላ የምትባል ተማሪ ኤድዋርድ ከሚባል ቫምፓየር፣ ማለትም ደም ከሚጠጣ ጭራቅ፣ ጋር ስለያዛት ፍቅር የሚተርክ የአራት መጻሕፍት የመጀመሪያው። መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በ2002 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የታክሲዬን ገንዘብ አጠራቅሜ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ገዛሁት። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ጨረስኩት። እንግሊዝኛ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በዚህ ሳምንት ከአባዶ መገናኛ ስመላለስ አውቶቡስ ውስጥ ደግሜ አነበብኩት። ያኔ ያላስተዋልኩትን አስተውያለሁ፤ ግን አሁንም እወደዋለሁ። ኤድዋርድ የቤላ ደም እየጠራው ራሱን የሚገዛ ነው። እንቅልፏን ይጠብቅላት ነበር። እኔ የምን ማስረጃ ነኝ?

የሕግ ባለሙያዋ፦
እህቴ፣ «እንቅልፏን ይጠብቅላት ነበር» ያልሽውን አልፌ መሄድ አልቻልኩም። ቤላ ሳትጋብዘው፣ ሳታውቅ፣ በሌሊት መኝታ ክፍሏ እየገባ ሲያያት ያድር ነበር። አባቷ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ነው፤ በዚያው ቤት ተኝቷል። የብሎካችን ጥበቃ የሚቀመጠው በር ላይ ነው እንጂ አልጋ አጠገብ አይደለም።

የብሎክ 31 እናት፦
ስታውቅ እኮ አልተቆጣችም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ያላስቆጣቻት ደራሲዋ ናት። የምከሰውም መጽሐፉን ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ «አለመቆጣት ነው ፍቅር» ብላ ትዘጋዋለች። በሦስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ኤድዋርድ ወደ ጓደኛዋ ወደ ጄኮብ እንዳትሄድ የመኪናዋን ሞተር ፈታባት። ይህም ጥበቃ ነው? በአገራችን ጠላፊውም «ስለወደድኳት ነው» ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እስኪወጣ ድረስ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር። ይህን ያህል የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

ከብሎክ 12፦
ጠለፋን እዚህ ማምጣት አግባብ አይደለም። «ከእኔ ራቂ፤ አደገኛ ነኝ» ያላት እሱ ነው። ጠላፊ «ራቂኝ» ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከጋብቻ በፊት አይሆንም ያለውም እሱ ነው፤ ሰርጉን ስትሸሽ የነበረችው እሷ ናት። እኔ ወንድ ነኝ፤ መጽሐፉን ከእህቴ ሰርቄ አንብቤዋለሁ፤ አላፍርበትም። ቡዳና የሌሊት ጅብ እየፈራን ያደግን ልጆች፣ ጭራቁ ራሱ ክፉ ላለመሆን ሲታገል ያየነው በዚያ መጽሐፍ ነው።

የሕግ ባለሙያዋ፦
«ራቂ» ካለ በኋላ በመስኮት መግባት ምን ይባላል?

የታሪክ ወዳጅ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ኤድዋርድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። በ1918 በኢንፍሉዌንዛው ሊሞት ሲል ነው በ17 ዓመቱ ቫምፓየር የተደረገው። ያ ወረርሽኝ እኛ ዘንድ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው እሱን ለማባረር ነው። በልጅነቴ ሳነብ ይህን አላወቅሁም ነበር፤ ዘንድሮ ሳነበው ግን የኤድዋርድ እናት ስትሞት የቅድመ አያቴ ቤት ትዝ አለኝ።

ብሎክ 8፣ አራተኛ ፎቅ፦
የኅዳሩን ነገር ካነሳችሁ አይቀር፣ ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ፕላስቲክና አሮጌ ፍራሽ በመስኮታችን ሥር ያቃጠላችሁ ሰዎች ልጄን አስም ቀስቅሳችሁባታል። ባህል ማለት ቅጠልና ጭድ ማጨስ ነበር።

የታሪክ ወዳጅ፦
እኔ አላቃጠልኩም።

ብሎክ 8፣ አራተኛ ፎቅ፦
ከጎናቸው ቆመው ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
«ማስረጃ ናችሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ለስድብ አላልኩትም፤ ቃሌንም አላነሳም። ዕድሜዬን በሙሉ አስተምሬያለሁ። «ስልኬን የሚፈትሸው ስለሚወደኝ ነው» ያለችኝ ተማሪ አሁንም ፊቷ አይጠፋኝም። ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ፣ የተኛችን ሴት የሚያይ ወንድ እያደነቀ የሚተርክ መጽሐፍ እኔ በእጄ አልሰጥም።

የብሎክ 31 እናት፦
መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ያቺ ተማሪ ግን ያንን ከኤድዋርድ አልተማረችውም። «ካልቀና አይወድሽም» የሚለውን እኔም የሰማሁት ቡና ላይ ከተቀመጡ ሴቶች ነው፤ አንድ መጽሐፍ ሳልገልጥ። መጽሐፉ ቢወጣ ቡናው ይቀራል? ይልቅ እኔ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ያንን ምዕራፍ አብሬያት ላንብበው፤ «መጀመሪያ ለምን አላስፈቀዳትም?» ብዬ ልጠይቃት። አራተኛውን መጽሐፍ ግን አልሰጣትም። የጄኮብ ልብ ገና ከተወለደች ሕፃን ጋር ለዕድሜ ልክ ሲተሳሰር ደራሲዋ እንደ ጸጋ ታወራዋለች። በልጅነቴ «እንዴት ደስ ይላል» ብዬ ማለፌ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የሕግ ባለሙያዋ፦
እንግዲያው አንቺም ታወጪያለሽ። እኛ የመጀመሪያውን፣ አንቺ አራተኛውን።

የብሎክ 31 እናት፦
እኔ ከቤቴ አወጣለሁ። እናንተ ከሰው ሁሉ ቤት እያወጣችሁ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ቤተ መጻሕፍት የማንም ቤት አይደለም፤ የሁላችን ነው።

ከብሎክ 12፦
የሁላችን ከሆነ ለምን አንድ ሰው ይወስናል? ደግሞስ መደርደሪያው መች ተጠናቀቀ? ለአናጺው ያዋጣነው ገንዘብ የት ደረሰ?

ብሎክ 8፣ አራተኛ ፎቅ፦
እኔ የምለው የአማርኛ ልብ ወለድ አስቀድሞ ይግባ ነው። ለልጆች የሚሆን የፍቅርና የምናብ መጽሐፍ በራሳችን ቋንቋ ስለጠፋ እኮ ነው በሰው ቫምፓየር የምንጣላው።

የሕግ ባለሙያዋ፦
እሱ እውነት ነው። «ይጠብቅላት ነበር» የሚለውን ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም። «ላት» ማለት ለእሷ ማለት ነው። እሷ ጠይቃዋለች?

የብሎክ 31 እናት፦
ጠይቃዋለች፤ ካወቀች በኋላ እንዲቆይ የምትለምነው እሷ ናት።

የሕግ ባለሙያዋ፦
ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሌሊቶች ነው የጠየቅሁሽ።

የብሎክ 31 እናት፦
እሱን ለመመለስ ገጹን ልጠቅስልሽ አሁን ኮሙናሉ ወርጄ ነበር። መጽሐፉ ቦታው ላይ የለም። መዝገቡ ላይም የተፈረመ ነገር የለም። ማን ነው የወሰደው?

ጡረተኛው መምህር፦
ቁልፉ እኔ ዘንድ ቢሆንም እኔ አልነካሁትም።

የብሎክ 31 እናት፦
ስብሰባው ሳይወስን ያነሳው ሰው ወደ ቦታው ይመልስ። እስከዚያ ድረስ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አላመጣም።