ለጤና ጣቢያው የምናቀርበው የተመላላሽ መድኃኒት ሐሳብ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦ በመጀመሪያው ረቂቅ «መድኃኒት እንዳይቋረጥብን» ብለን ነበር። እንዲህ ያለው ማመልከቻ «እሺ» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ስንት ክኒን፣ ለስንት ሰው፣ በየትኛው ቀን የሚለውን እንጻፍ። መነሻዬ ይህ ነው፦ ግፊቱ ወይም ስኳሩ የተስተካከለለት የዕድራችን አባል በየወሩ ከሚመላለስ የሦስት ወር ይሰጠው። በተለይ ሰኔ ላይ፤ ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ሲሞላ ማዶ ያለ ሰው አይሻገርም። ለጸረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት የስድስት ወር ቀጠሮ በአገራችን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ አሠራሩ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ፋርማሲስት፦ ጋሼ፣ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ግን ሁሉም በአንድ ወር ዘጠና ዘጠና ክኒን ከወሰደ መደርደሪያው ይራቆታል። የግፊት መድኃኒቱን አምሎዲፒን 5 ሚ.ግ. በቀን አንድ የሚወስዱ 36 ሰዎች አሉ እንበል፤ የወር ፍጆታቸው 1,080 ክኒን ነው። በአንዴ የሦስት ወር ከተሰጣቸው 3,240 ይወጣል። በሦስት ምድብ እንክፈላቸው፦ በመጀመሪያው ወር 12ቱ ዘጠና ዘጠና፣ 24ቱ ሠላሳ ሠላሳ ይወስዳሉ፣ ድምሩ 1,800። በሁለተኛው ወር ሌሎች 12ቱ ዘጠና ዘጠና፣ የቀሩት 12ቱ ሠላሳ ሠላሳ፣ ድምሩ 1,440። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ በየወሩ 12 ሰው ብቻ ስለሚመጣ ወደ 1,080 ይመለሳል። ከወትሮው በላይ የሚወጣው የአንድ ወር ፍጆታ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ይህን ቀድመን ካልጻፍን እጥረቱ በእኛ ይሳበባል።

ጸሐፊ፦ ይግባ። ከዚያ በኋላ አለቀ አይሉንም?

ፋርማሲስት፦ ይላሉ፣ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ስላለ። ጤና ጣቢያ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ የሚልከው በየሁለት ወሩ ነው። የሚጠይቀው በወጣው መጠን ልክ ነው፤ የወር አማካይ ፍጆታ በአራት ተባዝቶ (የክምችቱ ጣሪያ ይህ ነው)፣ በእጅ ያለው ተቀንሶ። «የለም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ግን የትም አይመዘገብም። በነዚያው 36 ሰዎች እንየው፦ በ60 ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ለ20 ቀን ካልነበረ የወጣው 1,440 ብቻ ነው። ይህ እንዳለ ለሁለት ሲካፈል የወር ፍጆታው 720 ይመስላል፣ ጣሪያውም 2,880 ይሆናል። መድኃኒቱ የነበረባቸው 40 ቀናት ብቻ ቢቆጠሩ ኖሮ የወር ፍጆታው 1,080 ሆኖ ጣሪያው 4,320 በሆነ። አንዴ የጠፋ መድኃኒት ደጋግሞ የሚጠፋው በዚህ ነው። ስለዚህ ከመስኮቱ አጠገብ ያልተሟላ ማዘዣ መዝገብ ይቀመጥ፦ ቀን፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ ለስንት ቀን። የሰው ስም አያስፈልግም። ክምችቱ ከሁለት ሳምንት በታች ሲወርድም መደበኛውን ዙር ሳይጠብቁ አስቸኳይ ትዕዛዝ እንዲልኩ እንጠይቅ።

ነርስ፦ «የተስተካከለ» የሚለውን እኛ አንበይን፤ ሐኪሙ ይወስን። መለኪያ ካስፈለገ በሁለት ተከታታይ ቀጠሮ ከ140/90 በታች የሆነና መድኃኒቱ ያልተቀየረለት ብንል ይበቃል። ነፍሰ ጡር በዚህ አትግባ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፊኖባርቢታልም በልዩ ማዘዣ ወረቀት ስለሚወጣ ለብቻው ይታይ፤ ግን በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብሶ ይጥላልና እሱ ላይ የአንድ ቀን ክፍተት እንኳ መኖር የለበትም ተብሎ ይጻፍ።

ሌላው ጳጉሜን ነው። ሰኔ 25 ዘጠና ክኒን ሰጥቶ «መስከረም 25 ተመለስ» ብሎ የሚጽፍ ሰው 95 ቀን ነው የቀጠረው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 96። ወር ሳይሆን ቀን ይቆጠር። በ83ኛው ቀን ቢቀጠር መስከረም 13 ላይ ይውላል፣ በእጁም የሰባት ቀን ይተርፈዋል።

የቆላ ቀበሌ ተወካይ፦ ሲስተር፣ ኢንሱሊኑስ? ወደ ዓባይ በረሃ ያለን ሰዎች ማቀዝቀዣ የለንም።

ነርስ፦ ኢንሱሊን የሦስት ወር አይሰጥም፤ በየወሩ ይሁን። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። አንዱ 10 ሚ.ሊ. ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ነው፤ በቀን 30 ዩኒት ለሚወጋ ለ30 ቀን 900 ያስፈልጋል። ከተከፈተ ግን 28 ቀን ላይ መጣል ስላለበት ቀጠሮው ከዚያ አይለፍ። ቤት ውስጥ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ እርጥብ አሸዋ በያዘ ሸክላ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ማኖር ነው። ደጋ ጮቄ ሥር ያላችሁ ደግሞ ውርጭ እንዳያገኘው፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም።

ተወካይ፦ ለበረሃው ሰው በየወሩ መውጣት ከባድ ነው እኮ። ጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ካለው ብልቃጡ እዚያ ይቀመጥልን ብለን እንጠይቅ። ሰው ወክሎ የሚወስድበትም መንገድ ይኑር፤ አዛውንቱን ከአልጋ አውርዶ ማምጣት ግፍ ነው።

ፋርማሲስት፦ ወኪሉ የቀጠሮ ካርዱን፣ የጤና መድን ደብተሩንና ባዶውን የክኒን እሽግ ይዞ ይምጣ። እሽጉን የምለው ለምክንያት ነው፦ የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል 5 ሚ.ግ. ጠፍቶ 10 ሲሰጥ፣ ግማሽ መዋጥ የነበረበት ሰው ሙሉውን ይውጣል። መጠኑ ሲቀየር በእሽጉ ላይ በአማርኛ «ግማሽ» ተብሎ ይጻፍ፤ ቃል ይረሳል። ታማሚው ራሱ በየስንት ጊዜው መቅረብ እንዳለበት ግን ሐኪሙ ይጻፍ፤ ግፊት በወኪል አይለካም።

ጸሐፊ፦ መድኑን ማን ያነሳዋል?

ሒሳብ ሹም፦ እኔ። የእነዚህ መድኃኒቶች አብዛኛው በግዥ ነው የሚመጣው፤ ጤና ጣቢያው ከመድኑ የሚጠብቀው ክፍያ ሲዘገይ ግዥውም ይዘገያል። ስለዚህ ማመልከቻው ለጤና ጣቢያው ብቻ ሳይሆን ግልባጭ ለወረዳው የጤና መድን ይሁን። በእኛ በኩልም ደብተሩ ያልታደሰለት አባል መስኮቱ ላይ ሲደርስ ከኪሱ ይከፍላል፤ የእድሳቱን ጊዜ በዕድራችን እናስነግር።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ሦስቱ ምድቦች፣ ያልተሟላ ማዘዣ መዝገብ፣ የ83 ቀን ቀጠሮ፣ ውክልና፣ ኢንሱሊን በጤና ኬላ፣ ለመድኑ ግልባጭ ገብተዋል። የቀረው የአባላት ዝርዝር ነው፦ የመድኃኒት ስም፣ ሚሊ ግራም፣ በቀን ስንት። የቀበሌ ተወካዮች ከክኒኑ እሽግ ላይ ገልብጣችሁ አምጡ፣ ከሰው አፍ አትጻፉ። የሁለት ወሩ ቅጽ ከመሞላቱ በፊት እንዲደርስ፣ ቅጹ የሚሞላበትን ቀን ፋርማሲስቱ ያሳውቀን።