የሦስት ከተማ ልጆች ቴአትር፦ ማመልከቻውን አብረን እንጻፈው

ሰብሳቢዋ፣ ፍራንክፈርት
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ በስልክ የተነጋገርነውን ላስፍረው። ያልነበራችሁ ጨምሩበት፣ ያልተዋጠላችሁም ተናገሩ።

ሐሳቡ ይሄ ነው። ከፍራንክፈርት፣ ከስቶክሆልምና ከሚላኖ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ቤተሰብ የተወለዱ ወጣቶችን ለ10 ቀን እንሰበስባለን። አንድ ቴአትር አብረው ይሠሩና ለወላጅ፣ ለሰፈሩም ሰው ያሳያሉ። ገንዘቡን ከአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም፣ ከኢራስመስ ፕላስ የወጣቶች ልውውጥ እንጠይቃለን።

«ኳስ አይሻልም ወይ?» ያላችሁ ነበራችሁ። ኳሱን እኮ ሞክረነዋል። ተጫወቱ፣ ተጨባበጡ፣ በየመኪናቸው ገብተው ሄዱ። ከልጆቹ አንዱም የሌላውን ስም ይዞ አልተመለሰም።

ገንዘብ ያዡ፣ ፍራንክፈርት
ደንቡን አንብቤዋለሁ። ዕድሜ ከ13 እስከ 30። ቆይታው የመንገዱ ቀን ሳይቆጠር ከ5 እስከ 21 ቀን። ተሳታፊው በጠቅላላ ከ16 እስከ 60፣ ከየቡድኑ ቢያንስ 4። የቡድን መሪ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ከየከተማው 8 ልጅና 2 መሪ ብንል 24 ልጅ፣ 6 መሪ ይሆናል። ይበቃናል።

የጉዞው ገንዘብ የሚሰላው በርቀት ነው። ትኬት ተወደደብን ብንል በቀላሉ የሚጨምርልን የለም። በጊዜ መቁረጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ይታወቅ። ከአዲስ አበባና ከአስመራ ልጆች እናምጣ ያላችሁ፣ በዚህ መስመር አይሆንም። የወጣቶች ልውውጡ ለአውሮፓና ለጎረቤቶቿ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ «ሁለቱን አገሮች እናስታርቃለን» የሚል ዓረፍተ ነገር አልፈርምም።

የቀድሞ ሰብሳቢ፣ ፍራንክፈርት
ልጄ፣ ትንሽ ሰፋ አድርገህ አስብ እንጂ። ፈረንሳይና ጀርመን በ70 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል፤ 1870፣ 1914፣ 1939። የፈረንሳዩ ደ ጎልና የጀርመኑ አደናወር በጃንዋሪ 1963 ፓሪስ ላይ የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት በጁላይ የሁለቱ አገር የወጣቶች ቢሮ ተቋቋመ። እስካሁን ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣት አመላልሷል። የኔ ልጆች ራሳቸው በትምህርት ቤት በኩል ሊዮን ሄደው ሁለት ሳምንት ሰው ቤት ተቀምጠዋል። ቋንቋውን አልያዙትም፣ አይቡን ግን ለመዱት። ይሄ በማመልከቻው መግቢያ ላይ ይግባ።

ሰብሳቢዋ
ጋሼ፣ ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ይግባ። ግን እዚያ ሁለት መንግሥት ፈርሞ፣ በጀት መድቦ ነው ልጆቹን የላከው። እኛ ከኋላችን የፈረመልን የለም። ከዚያ የምንወስደው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ የሰው ቤት ገብተው የሰው እራት መብላታቸው።

የሚላኖ ተወካይ
ሰላም። እኔ አምቼ ነኝ። ለወጣቶቹ ልንገር፤ አምቼ አዲስ አበባ ያለ የመኪና መገጣጠሚያ ነው። ዕቃው ከጣሊያን ይመጣና እዚያ ይገጣጠማል። ኢትዮጵያ ያደገ ኤርትራዊ በዚሁ ተሰየመ። እኔ ደግሞ ተገጣጥሜ ጣሊያን ተመለስኩ።

በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ ከአዲስ አበባ ስንባረር ልጅ ነበርኩ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው እንደኛ የወጣው። ከዚያ በኋላ ከጎረቤቶቻችን ጋር የሚያገናኝ ስልክ እንኳ አልነበረም። 20 ዓመት።

በጁላይ 2018 መስመሩ ሲከፈት ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? የደወለው ዘመድ ያለው ብቻ አይደለም። ሰው ዝም ብሎ ቁጥር እየገመተ የማያውቀውን ቤት ይደውል ነበር። «ሄሎ፣ ከአዲስ አበባ ነው። እንዴት ናችሁ?» በቃ። ማን እንዳነሳው አያውቅም፣ ያነሳውም ማን እንደደወለ አያውቅም።

ለመነሻ ትዕይንት ከዚህ የተሻለ አላገኝም። የዛላምበሳ ድንበር የተከፈተው በዚያው ዓመት በእንቁጣጣሽ ዕለት ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ተዘጋ። ልጆቹ ሁለቱንም ይዩት። መደወሉን ብቻ አሳይተን መቋረጡን ከደበቅን የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው የሚሆነው።

የቴአትር አሠልጣኙ፣ ስቶክሆልም
ስልኩን ወድጄዋለሁ። አሁን ስለ አሠራሩ ልበል፤ ማመልከቻውን የሚገመግሙት ሰዎችም የሚጠይቁት እሱን ነው።

እኔ የምሠራው በፎረም ቴአትር ነው። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦዋል ነው ያመጣው። በ1971 ታስሮ፣ ተሠቃይቶ፣ ከአገሩ የተሰደደ ሰው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚሆን አጭር ተውኔት ይሠራል። መጨረሻው መጥፎ ነው፤ አንድ ሰው ተበድሎ ያልቃል። ከዚያ ጆከር የምንለው አጋፋሪ ወደ ተመልካቹ ዞሮ «እዚህ ጋ ምን ማድረግ ይቻል ነበር?» ይላል። ተውኔቱ እንደገና ይጀመራል። ከተመልካቹ አንዱ «አቁም!» ብሎ ይነሳና መድረክ ወጥቶ በተበዳዩ ቦታ ይጫወታል። ሌሎቹ ተዋንያን አይለቁለትም፤ እንደ ባሕርያቸው ይጋፈጡታል። አልሠራም? ሌላ ሰው ይሞክር።

ዋናው ደንብ፦ መቀየር የሚቻለው ተበዳዩን ነው፣ በዳዩን አይደለም። ክፉውን አባት በአንድ ጊዜ ደግ ካደረግነው አስማት ሆነ። ቤታቸው ሲገቡ የሚጠብቃቸው አባት ያው የድሮው ነው።

ቋንቋ ያስፈራችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያለ ቃል እንሠራለን። ልጆቹ በሰውነታቸው ሐውልት ይሠራሉ። «ቤት»፣ «ድንበር»፣ «እራት» ስንላቸው አንዱ ሌላውን እንደ ጭቃ ያበጀዋል። አማርኛ ለማይችለውም ትግርኛ ለማይችለውም እኩል ነው። የስዊድን ልጆች መጀመሪያ ይስቃሉ። ይሳቁ።

የቀድሞ ሰብሳቢ
ጥሩ ነው። እኔ ግን የጻፍኩት አለ። 40 ገጽ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ይጣላሉ፣ ነጭ የለበሰች እናት መሀላቸው ትቆማለች፣ በመጨረሻ ርግብ ይለቀቃል። ልጆቹ ቃሉን ይዘው ቢመጡ ጊዜ ይቆጥባል።

የወጣቶች ተወካይ፣ ፍራንክፈርት
ጋሼ ይቅርታ፣ በጣም ነው የማከብርዎት። ግን ርግቡን የሚለቀው ማነው? ዩገንድሄርበርገው (የወጣቶች ሆስቴሉ) ውስጥ እንስሳ አይፈቀድም 😅

ከምር ግን። እኛ ወንድማማቾች ሆነን አይደለም የተጣላነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የነበረችኝ ጓደኛ አለች። በ2020 የትግራዩ ጦርነት ጀመረ። ልደቷ ላይ ጠርታኛለች። አባቴ በመኪና እያደረሰኝ ነው። «የማን ልጅ ናት?» አለኝ። ነገርኩት። ምንም አላለም። ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ። ከዚያ መኪናውን አዞረ። ስጦታው ጉልበቴ ላይ ነበር።

ተውኔት አምጡ ካላችሁ እኔ የማመጣው ይሄንን ነው። ሌላም ሰው የራሱ አለው። ቲክቶክ ላይቭ ላይ የአጎቱን ስድብ ሰምቶ በማግስቱ ክፍል የገባ ልጅ አውቃለሁ። «ሰላም» የሚል ግጥም ከሰጣችሁን እናነበዋለን፣ እናንተ ታጨበጭባላችሁ፣ በቃ ወደ ቤት።

ጸሐፊው፣ ፍራንክፈርት
እውነቷን ነው። የኛው ማኅበር በ2020 ስንት ሰው ነው ከቴሌግራሙ የወጣው? የፕሪቶሪያው ስምምነት በኖቬምበር 2022 ተፈረመ፤ የወጡት ግን አሁንም አልተመለሱም። ስለዚህ የኛን 8 ልጆች ስንመርጥ «ኢትዮጵያዊ» ብለን አንለፈው። ከትግራይም፣ ከአማራም፣ ከኦሮሞም ቤት ይኑሩበት።

ሌላው የቀኑ ጉዳይ ነው። በ2023 ጊሰን ላይ በኤርትራ ፌስቲቫል የተነሳውን ግጭት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚሁ አጠገባችን ነው። ስቶክሆልምም በዚያው ክረምት ደርሶበታል። ፌስቲቫል ባለበት ሳምንት ልጆቹን አዳራሽ ውስጥ አንሰብስብ። ፖስተሩ ላይም ባንዲራ አይኑር፣ የማንም።

ስለ ምግብና መኝታ የምታስበው እናት፣ ፍራንክፈርት
እናንተ ስለ ቦዋል ታወራላችሁ፣ እኔ ልጆቹ ምን ይበላሉ እላለሁ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች። ከዚያ በፊት ይለቅ። ሐምሌ 18 ጀምረን ሐምሌ 27 ብንጨርስ ረቡዕና አርብ ብቻ ነው የሚያስጨንቀኝ። ሙስሊም ልጆችም ስላሉ ሥጋው ለብቻ፣ ድስቱም ለብቻ።

መኝታ ሁሉም አንድ ላይ ሆስቴል። ሰው ቤት ማሳደር አልደግፍም፤ 15 ዓመት የሆናት ልጅ ያለባት እናት ትረዳኛለች። እራት ግን በሁለት ምሽት በየቤቱ እንጋብዛቸው። ከየከተማው አንዳንድ ልጅ፣ ሦስት ሦስት ሆነው። የኤርትራ ቤተሰብ የኢትዮጵያን ልጅ ይጋብዝ፣ የኢትዮጵያም እንዲሁ። ሽሮው ያው ነው፣ ማን በርበሬ እንደሚያበዛ ይከራከሩ።

ደግሞ ቦታው የት ይሁን የሚለው ላይ። ስቶክሆልም ይሁን ያላችሁ ሰዎች፣ ከኛ ልጆች ሁለቱ ዱልዱንግ ናቸው፤ ጀርመን ለጊዜው ሳታባርር ያቆየቻቸው እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም። ከጀርመን ከወጡ መመለሻ የላቸውም። የሚላኖና የስቶክሆልም ልጆች ደግሞ ሁሉም የመኖሪያ ፈቃድ ወይ ፓስፖርት አላቸው፤ ሼንገን ውስጥ መጓዝ ይችላሉ። እነሱ ወደኛ ይምጡ።

የቴአትር አሠልጣኙ
ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ስቶክሆልም ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንስቻለሁ። ፍራንክፈርት ይሁን።

ገንዘብ ያዡ
ማመልከቻው ላይም ይጻፍ፤ ቦታውን የመረጥንበት ምክንያት ነው። ዕድላቸው ለጠበበ ልጆች የሚመደብ ተጨማሪ ድጋፍም አለ።

የሚላኖ ተወካይ
እኔም አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ከኛ ልጆች ሦስቱ በሊቢያና በባሕር የመጡ ናቸው። ኦክቶበር 3፣ 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰው ሲሞት አብዛኛው ኤርትራዊ ነበር። ሚላኖ ውስጥ ዘመድ ያላጣ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሰው ደግሞ ይሄን ታሪክ መድረክ ላይ ማየት ይወዳል። ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል። ልጁ ግን ማታ ብቻውን ይተኛል።

የቴአትር አሠልጣኙ
ልክ ነሽ። በኔ ልምምድ ማንም የራሱን ቁስል ራሱ አይጫወትም። ታሪኩን ከፈለገ ይሰጣል፣ የሚጫወተው ሌላ ሰው ነው፣ ስሙም ቦታውም ይቀየራል። የባሕሩን ጉዞ በዚህ ዙር አንነካውም። እኔ የቴአትር ሰው ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ከ6ቱ መሪዎች አንዷ በዚህ ሙያ የሠራች ትሁን፤ ይሄን እንደ ምኞት ሳይሆን እንደ ቅድመ ሁኔታ ጻፉልኝ።

ሰብሳቢዋ
እሺ፣ የሰማሁትን ላንብብላችሁ። ይህን በኦክቶበሩ ዙር ካስገባነው ለቀጣዩ ሐምሌ ይደርሳል።

«ከሦስት ከተሞች የሚመጡ 24 ወጣቶች ከሐምሌ 18 እስከ 27 በፍራንክፈርት ይገናኛሉ። የቤተሰቦቻቸው አገሮች ተዋግተዋል፤ ወጣቶቹ ጦርነቱን የሚያውቁት ከሳሎን፣ ከመኪና ውስጥና ከስልክ ነው። ተጠቃሚ ወጣቶች ከራሳቸው ሕይወት በመነሳት ሦስት አጫጭር የፎረም ተውኔቶችን ይሠራሉ። በመጨረሻው ቀን ወላጆቻቸው ተመልካች ብቻ አይሆኑም፤ ‹አቁም› ብለው መድረክ ይወጣሉ።»

ከልውውጡ በፊት መሪዎቹና ከየከተማው አንድ አንድ ወጣት ለዝግጅት ፍራንክፈርት ይገናኛሉ። ሦስቱም ከተማ ትዕይንቱን በየሰፈሩ በመስከረም ይደግመዋል። የጎደለ አለ?

የወጣቶች ተወካይ
አንድ ነገር ብቻ። «ተጠቃሚ ወጣቶች» የሚለውን አውጡት። እኛ እኮ ነን የምንጽፈው። «ደራሲዎቹ» በሉት።

ሰብሳቢዋ
ተስተካክሏል።

የቀድሞ ሰብሳቢ
እኔስ? 40 ገጼን ይዤ የት ልግባ?

የወጣቶች ተወካይ
ጋሼ፣ እኛ እኮ ሁላችን ከ20 ዓመት በታች ነን፤ መኪና የሚነዳ አባት የለንም። ለልምምዱ እርስዎ ይሁኑልን?

የቀድሞ ሰብሳቢ
የሚባለው ቃል ብዙ ነው?

የወጣቶች ተወካይ
ቃል የለውም። ሬዲዮን ከፍ ማድረግ ነው።