ጂሲሲ 15 ላይ የሚወድቅ የሲ ላይብረሪ፦ ፍላግ ልጨምር ወይስ ፓች ልሥራ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ዴቢያን ላይ የምይዘው የሲ ላይብረሪ በጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለሩ) 14 ያለ ችግር ቢልድ ይሆን ነበር። በ15 ግን ሁለት ዓይነት ስህተት ያወጣል። አንደኛው ከላይብረሪው ጋር የሚጫነው ሄደር (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያስገቡት የአዋጆች ፋይል) ውስጥ ያለው «ታይፕዴፍ ኢንት ቡል» (ለኢንት ቡል የሚል ስም የሚሰጠው መስመር) ነው። ሁለተኛው በባዶ ቅንፍ የታወጁ የፈንክሽን ፖይንተሮች ሲጠሩ «አርጊዩመንት በዛ» የሚለው ነው። ስታንዳርዱን (የሲ ቋንቋ ሥሪቱን) በፍላግ፣ ማለትም ለኮምፓይለሩ በሚሰጥ አማራጭ፣ ወደ ጂኤንዩ17 (ሲ17 ከጂኤንዩ ጭማሪዎች ጋር) መልሼ ልለፈው ወይስ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ልጻፍ? አፕስትሪሙ (የኮዱ ዋና አዘጋጅ) አለ፣ ግን ሪሊዝ የሚያወጣው በስንት ጊዜው ነው።

መልስ 1
ጂሲሲ 15 ስታንዳርድ ካልተነገረው ኮዱን የሚያነበው በጂኤንዩ23 ነው፤ እስከ 14 ጂኤንዩ17 ነበር። በሲ23 ቡል፣ ትሩ እና ፎልስ የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ሆነዋል። ባዶ ቅንፍም «አርጊዩመንቱ አልተገለጸም» ማለቱ ቀርቶ «ምንም አይቀበልም» ሆኗል። ለጊዜው ሩልስ ፋይሉ (የዴቢያን ፓኬጁን መገንቢያ) ላይ በዴብ_ሲፍላግስ_ሜይንት_አፔንድ በኩል ጂኤንዩ17ን ጨምር። የቢልድ ሎጉን ግን እየው፤ ሜክፋይሉ የራሱን ኤስቲዲ (ስታንዳርዱን የሚመርጠውን ፍላግ) ከአንተ በኋላ ካስገባ የሚሠራው የመጨረሻው ነው።

መልስ 2
ሄደሩ የሚጫን ከሆነ ፍላጉ ብቻውን አይበቃም። ያንተ ፓኬጅ ያልፋል፤ ሄደሩን የሚያስገባ ሌላ ፓኬጅ ግን በጂኤንዩ23 ሲገነባ እዚያው መስመር ላይ ይወድቃል።

ታይፕዴፉን አጥፍቶ በስታንዳርዱ ቡል መተካት ደግሞ የባሰ ነው። ኢንት 4 ባይት፣ ቡል 1 ባይት ነው። ስትራክት ውስጥ ከገባ የፊልዶቹ ቦታ ይዛወራል፣ ኤቢአዩ (ቀድሞ የተገነቡ ፕሮግራሞች ከላይብረሪው ጋር የሚግባቡበት አቀማመጥ) ይሰበራል፤ ኮምፓይለሩ ግን አንድም ቃል አይተነፍስም። ለታይፑ የላይብረሪውን ቅድመ ስም ስጠውና ኢንት እንደሆነ ይቆይ። የዚህን ታይፕ ቫሪያብል አድራሻ በፖይንተር የሚያስተላልፉ ተጠቃሚዎች ካሉ አብረው መስተካከል አለባቸው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። አፕስትሪሙ ገና ጂሲሲ 12 ላይ ያሉ ሰዎች አሉ ብሎ ፓቹን ባይቀበለውስ?

መልስ 3
በባዶ ቅንፉ ፈንታ የሚገባው ሙሉ ፕሮቶታይፕ (የአርጊዩመንቶቹን ታይፕ የሚዘረዝር አዋጅ) በአሮጌው ስታንዳርድ በሲ89ም ይሠራል፣ ማንንም አይጎዳም። ለሙከራም 15ን መጠበቅ የለብህም፤ ጂሲሲ 14 ላይ ጂኤንዩ23ን ብትሰጠው ሁለቱንም ስህተቶች ያወጣቸዋል። ፓቾቹን ለየብቻ ላክ፤ የቅንፉ ቶሎ ያልፋል፣ የቡሉ ክርክር አያጣውም። አንድ ቴብል ውስጥ የተለያየ ፊርማ (የአርጊዩመንትና የመልስ ታይፕ) ያላቸው ፈንክሽኖች ካሉ ሲጠሩ ወደ ትክክለኛው ታይፕ ካስት ይደረጉ። የላክበትን ሊንክ የፓቹ ራስጌ ላይ «ፎርዋርድድ» በሚለው መስክ ጻፍ፤ አዲሱ ሪሊዝ ሲገባ ፓቹንም ፍላጉንም ባንድ ላይ አንሳ።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ኮንፊገሩን (ከቢልድ በፊት ሲስተሙ ላይ ምን እንዳለ የሚፈትነውን ስክሪፕት) ነው። በእጅ የተጻፈ ሙከራ በባዶ ቅንፍ ያወጀውን ፈንክሽን አርጊዩመንት ሰጥቶ ከጠራ ቢልዱ አይወድቅም፤ «የለም» ብሎ ፊቸሩን ያጠፋዋል። በሁለቱም ስታንዳርድ ገንብተህ የወጡትን የኮንፊግ ሄደሮች በዲፍ አወዳድር።