ለወርቅ ማጠቢያ የትኛው የውሃ ፓምፕ ይሻላል?

ጥያቄ (የአውሮራው)፦ ሰላም ወገኖች። የምኖረው ኮሎራዶ ነው። እረፍት ሳገኝ ወደ አይዳሆ ስፕሪንግስ አካባቢ ወጥቼ በሳህን ወርቅ አጥባለሁ። ለእንጀራ ሳይሆን ለመዝናናት ነው። ጎንበስ ማለቱ ወገቤን ስለጨረሰው ሃይባንከር ገዛሁ፤ አሸዋውን ከላይ ትሞላለህ፣ በፓምፕ የሚመጣው ውሃ ያጥበዋል። ሳጥኑ ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ቱቦው 6 ሜትር ነው። ሁለት ፓምፕ አይቻለሁ። አንዱ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ባለ 12 ቮልት፣ ካርቶኑ ላይ "በሰዓት 1,100 ጋሎን" ይላል። ሌላው ባለ 1 ኢንች የቤንዚን ነው። የቱን ልግዛ?

መልስ (ሜካኒኩ)፦ የካርቶኑ ቁጥር እንዳይሸውድህ። 1,100 ጋሎን በደቂቃ 70 ሊትር ገደማ ነው፤ ያ ግን ውሃው ሽቅብ ሳይወጣ የተለካ ነው። 2 ሜትር ስታወጣው፣ ቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲጨመር፣ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ሻጩን "በዚህ ከፍታ ስንት ይሰጣል?" ብለህ ሰንጠረዡን ጠይቀው። ቱቦው ከፓምፑ አፍ እንዳይጠብ። የቤንዚኑ ሌላ ዓለም ነው። የሆንዳው ደብሊው ኤክስ 10 ለምሳሌ 6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በደቂቃ እስከ 140 ሊትር ይሰጣል። ላንተ ሳጥን ከበቂ በላይ ነው።

መልስ (ጋሽ ወንዙ)፦ ልጄ፣ ከፓምፑ በፊት ፈቃዱን ጠይቅ። ሕዝብ በሚዝናናባቸው ብዙ ቦታዎች ሳህንና አካፋ እንጂ ሞተር አይፈቀድም። የግል ይዞታም ሊሆን ይችላል። መሬቱን የሚያስተዳድረውን ክፍል ደውለህ "ባትሪስ?" ብለህ ለይተህ ጠይቅ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወንዝ ሥር አሸዋ በሞተር መምጠጥን ስታግድ ስንቱ ማሽኑን ጋራዥ አስገብቶ ቀረ።

መልስ (የተራራው)፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው። እኔ ደግሞ ከፍታውን ልጨምር። አይዳሆ ስፕሪንግስ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የመሳብ አቅሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ፓምፑን ውሃው ጥግ አስቀምጠው፤ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ይቀለዋል።

ጥያቄ (አዲሱ)፦ ጣልቃ ልግባና፣ የኔ የቤንዚን ፓምፕ ሞተሩ ይነሳል፣ ውሃ ግን አያመጣም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ (ሜካኒኩ)፦ ላይሆን ይችላል። ከማስነሳትህ በፊት የፓምፑን ሆድ በውሃ ሞላህ? ደረቁን አታስነሳው፣ ማሸጊያው ይቃጠላል። ከሞላኸው መሳቢያ ቱቦውን እይ። ለስላሳ ከሆነ ሲሳብ ይጣበቃል፤ ሽቦ ያለበት ጠንካራ ቱቦ ነው የሚያስፈልገው። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ አየር ከገባም አለቀ። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ማጣሪያ የተበሳሳ ባልዲ ውስጥ ክተተው፣ አሸዋ አይውጥም።

መልስ (ሰናይት)፦ የአውሮራው ወንድሜ፣ እኔ አሸዋውን ፈቃድ ካለበት ቦታ በባልዲ አምጥቼ ጓሮዬ ነው የማጥበው። ትልቅ ገንዳ፣ ያው የጠቀስከው ባለ 1,100 ፓምፕ፣ ሳጥኑ ከገንዳው ብዙም ከፍ ሳይል። ፓምፑ 4 አምፔር ያህል ይስባል፤ ባለ 20 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ግማሽ ቀን ያሠራል። ፓምፑን ገንዳው ወለል ላይ አታስቀምጠው፣ ጭቃ ይስባል። ውሃው ቡና ሲመስል ቀይረው፤ ጭቃው ሲወፍር ደቃቁን ወርቅ ይዞት ይሄዳል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብታ ጨምርበት፣ ደቃቁ ወርቅ እንዳይንሳፈፍ።

የአውሮራው፦ ሰናይትዬ፣ ውሃው ሲበዛስ? ወርቁን ጠርጎ አይወስደውም?

ሰናይት፦ ይወስደዋል እንጂ! ቧንቧ መዝጊያ አድርግበት። ጠጠሩ እየተንከባለለ ሲወጣ፣ ከባዱ ጥቁር አሸዋ ደግሞ ሳጥኑ ወለል ላይ ካሉት፣ ወርቁን ከሚይዙት እርከኖች ኋላ እየተንቀጠቀጠ ሲቀር፣ እዚያው ላይ ተወው። እርከኑ ተጠርጎ ባዶ ከሆነ ውሃው በዝቷል። በየመሃሉ የወጣውን ጠጠር በሳህን እጠበው፤ ወርቅ ካገኘህበት ውሃውን ቀነስ አድርግ።

የአውሮራው፦ በቃ፣ ባለ ባትሪውን ወስጄ ከጓሮ ልጀምር። ጋሼ፣ ሰኞ እደውላለሁ። ባለቤቴ ገንዳውን ካየች ግን ሌላ ጥያቄ ይዤ እመጣለሁ።