ክርክር፦ «የጅማ ቡና» ተፈጥሮ የለየችው ዓይነት ነው ወይስ እኛ ያወጣንለት ስም?

አወያይ፦ ባለፈው ቡና ላይ የተጀመረው ጭቅጭቅ እዚህ ይለቅ። ዓለም በዓይነት በዓይነት ተለይታ ነው የጠበቀችን ወይስ የለየናት እኛ ነን? መነሻው የጅማ ቡና ነው። ስድብ ክልክል ነው።

የመርካቶው ነጋዴ፦ እኔ ቡና ስገዛና ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ከዚሁ ከጅማ ዞን የተለቀመ እሸት ተፈልፍሎ ከታጠበ ብዙ ጊዜ «ሊሙ» ተብሎ ይሸጣል። ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል ሆኖ ከመጣ «ጅማ» ነው። ዛፉ ያው፣ ማሳው ያው! ልዩነቱ ውሃ ነው። ይኼ ምኑ ነው ተፈጥሮ?

የኬሚስትሪው መምህር፦ የገበያ ስም ሰው ሠራሽ ስለሆነ ሁሉም ስም እንደዚያ ነው ማለት አይቻልም። ወርቅ 79 ፕሮቶን አለው። 78 ፕላቲነም ነው፣ 80 ሜርኩሪ ነው። 79 ተኩል የሚባል የለም። አንጥረኛ ናስን ወርቅ ነው ብሎ ቢሸጥልህም ናሱ ናስ ነው።

የባዮሎጂ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ወርቅ ቀላሉን መርጠው ነው። ሕይወት ያለው ነገር ላይ ይምጡ። አረቢካ ራሱ ዲቃላ ነው፤ ሮቡስታና ዩጂኒዮይደስ ከሚባሉ ሁለት የቡና ዝርያዎች የተገኘ። ወላጆቹ 22 ክሮሞዞም አላቸው፣ እሱ 44። ስሙም የተሳሳተ ነው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በፈረንጆቹ 1753 «የዓረብ» ብሎ ሰየመው፤ ተክሉ ግን የእኛ ጫካ ልጅ ነው።

የኬሚስትሪው መምህር፦ እግዜር ይስጥህ፣ ለእኔ ተከራከርክልኝ! ከ22 ወደ 44 ቀስ እያሉ አይወጡም፣ ዝላይ ነው። ሊኒየስ አገሩን ሳተ እንጂ ዓይነቱን አልሳተም።

የባዮሎጂ ተማሪ፦ 😅 እሺ፣ ይቺን ወሰዱ።

የጎማው ገበሬ (ከጅማ ዞን፣ ጎማ ወረዳ)፦ እናንተ በፕሮቶን ተጣሉ። የእኔ እሸት ጠቁሮ እየረገፈ ነው። ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ ነው፣ ፈንገስ ነው የሚያመጣው አሉኝ። ጎረቤቴና እኔን የሚለየን አጥር ብቻ ነው፤ የእሱ ቡና ወላሂ ምንም አልሆነ። ፈንገሱ አጥር ፈርቶ ነው?

የግብርና ባለሙያዋ፦ አባቴ፣ ጎረቤትዎ 74110 የሚባለውን በሽታውን የሚቋቋም የቡና ዓይነት ተክለው ይሆናል። በሽታው አገራችን ውስጥ የታየው እንደ ፈረንጆቹ በ1971 ነው። ከዚያ እዚሁ ጅማ፣ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን ተቋቁመው የቆሙ ዛፎችን እየመረጠ አባዛ። ቁጥሩ ላይ ያለው 74 የተመረጠበት የፈረንጆቹ ዓመት ነው፣ 110 የእናት ዛፉ ቁጥር። ለበሽታው ሦስት ነገር መገናኘት አለበት፤ ፈንገሱ፣ ዝናቡና ቅዝቃዜው፣ በቀላሉ የሚሸነፍ ዛፍ።

የመርካቶው ነጋዴ፦ ታዲያ ከሦስቱ መንስኤው የቱ ነው?

የባዮሎጂ ተማሪ፦ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በፈረንጆቹ 1843 ያለው ይኼንኑ ነው። መንስኤ የሁኔታዎቹ ድምር ነው፤ አንዱን ነጥለን «ያመጣው ይኼ ነው» የምንለው እንደ ጉዳያችን ነው። መድኃኒት ለሚረጨው ፈንገሱ ነው፣ ችግኝ ለሚያፈላው ዛፉ ነው።

የኬሚስትሪው መምህር፦ የምንመርጠው እኛ እንሁን፤ የምንመርጠው ግን ካለው ነገር ነው። ዛፉን ቀይር፣ ፍሬው ይድናል። የዛፉን ስም ቀይር፣ ምንም አይመጣም። 74110ን ሰው መረጣት እንጂ አልፈጠራትም። እውነተኛ ዓይነት ማለት ለእኔ ይኼ ነው፤ ስትነካው ሌላ ነገር አብሮ የሚነቃነቅ።

የመርካቶው ነጋዴ፦ ያዝኩህ! «ሊሙ» ሲባልና «ጅማ» ሲባል ዋጋው ይለያያል። ስሙን ስነካው ኪሴ ይነቃነቃል። በአንተው መለኪያ የገበያው ስምም እውነተኛ ዓይነት ሆነ ማለት ነው።

የኬሚስትሪው መምህር፦ ... ይኼን ላስብበት።

(እኔ አወያዩ ነኝ፤ ጋሼ «ላስብበት» ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።)

የግብርና ባለሙያዋ፦ ቆይ፣ ገና ማንም ያላጣራው ነገር አለ። ጎረቤትዎ 74110 መትከላቸውን የገመትኩት እኔ ነኝ። አባቴ፣ የእርስዎ ማሳ ላይስ ከነባሩ ቡና ሌላ አለ?

የጎማው ገበሬ፦ አለ እንጂ። ከምርምሩ ችግኝ አንድ እግር ከነባሩ ጎን ተክያለሁ። ጥላቸው አንድ፣ ዝናባቸው አንድ። ነባሩ ጠቁሯል፣ እሱ ንጹሕ ነው።

የባዮሎጂ ተማሪ፦ አለቀ በቃ! ሁሉም እኩል ሆኖ ዛፉ ብቻ ተለየ።

የግብርና ባለሙያዋ፦ አትቸኩል። አባቴ፣ መድኃኒት የተረጨው የትኛው ነው?

የጎማው ገበሬ፦ እኔ አንዱንም አልረጨሁ። ልጄ ግን ባለፈው ሰኔ መርጫ ተውሶ ነበር... ቆዩኝ፣ ልደውልለት።